የሰንጠረዥ ጨርቅና የልጆች ጂኦሜትሪ

ሰንጠረዥ የሚለው ቃል ዛሬ በአማርኛ ሁለት ኑሮ አለው። አንደኛው ኑሮው በትምህርት ቤትና በጽሕፈት ቤት ነው፤ በረድፍና በዓምድ ተከፍሎ ቍጥር ወይም ስም የሚሞላበት ወረቀት ሁሉ፥ የማባዣው ይሁን የደመወዙ ወይም የፈተናው ውጤት፥ ሰንጠረዥ ይባላል። ሁለተኛው ኑሮው ከዚህ እጅግ ይቀድማል፤ ይኸውም በነገሥታትና በመኳንንት አዳራሽ በጨርቅ ላይ ይካሄድ የነበረው፥ ንጉሥ ከነጭፍራው ንጉሥን ከነጭፍራው የሚገጥምበት ጨዋታ ስም መሆኑ ነው። ስሙ ከጨዋታው ወደ ወረቀቱ የተላለፈው ሁለቱም በረድፍና በዓምድ ስለሚከፈሉ እንደ ሆነ ለመረዳት አያስቸግርም። ተማሪው ሁሉ የሚያውቀው ግን ታናሹን ነው። ቃሉ ትምህርት ቤት ገብቶ ተቀመጠ፤ ጨርቁ በደጅ ቀረ።

በደጅ መቅረቱ የሚያስቈጨው ጨዋታው ያማረ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። ጨርቁ በተሰፋበት አኳኋንና ጨዋታው በተመራበት ሕግ ውስጥ፥ ልጅ በትምህርት ቤት በብዙ ድካም የሚማረው የጂኦሜትሪ ፍሬ ነገር አብሮ ተሰፍቶ ነበር። ጂኦሜትሪ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የገባው እንደ ባዕድ እንግዳ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቍጥር ሰፊ ስፍራ ነበረው፤ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ ያለ ብርቱ ስሌት አይሆንም። የቅርጽ ዕውቀት ግን ከብራናው ይልቅ በእጅ ላይ ያደረ ነበር፤ ሸማኔው ጥለቱን ሲጥል፥ ግንበኛው ማእዘኑን ሲያቆም፥ መስቀል ሠሪው ሐረጉን ሲያወጣ ይሠራበታል እንጂ ቃል ሰጥቶ አያስተምረውም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ከተከፈተ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ፥ ጂኦሜትሪ ስሙን እንኳ ሳይለውጥ በውጭ አገር ቋንቋ በተጻፈ መጽሐፍ መጣ። እነሆ፥ ልጁ ሰያፍ መስመርን እንደ አዲስ ነገር በጥቍር ሰሌዳ ላይ አየው፤ ፈርዝና ፊል የሚባሉት የሰንጠረዥ ሰዎች ግን በዚሁ አገር ስንት መቶ ዓመት በሰያፍ ሲሄዱ ኖረው ነበር።

ጨዋታው ከየት እንደ መጣ ስሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። መነሻው ሕንድ ነው፤ በዚያም የጦር ሠራዊት አራት ክፍሎች ማለት በሆነ ስም ቻቱራንጋ ይባል ነበር። ከሕንድ ወደ ፋርስ፥ ከፋርስ ወደ ዐረቦች ተሻግሮ ሻጥራንጅ ተባለ፤ የአማርኛው ሰንጠረዥም የዚሁ ቃል ልጅ ነው። ፈርዝ የሚለው ፋርሶች አማካሪ ለሚሉት ከሰጡት ስም፥ ፊል ዐረቦች ዝሆንን ከሚጠሩበት፥ መደቅ የተባለው እግረኛም በይደቅ ከሚለው የዐረብኛ ቃል መጥተዋል። አማርኛ ዝሆን የሚል የራሱ ቃል እያለው በጨርቁ ላይ ያለውን ዝሆን ፊል ብሎ መጥራቱ፥ ጨዋታው ከነስሙ በቀይ ባሕር በኩል ከዐረቦች ጋራ በነበረው ግንኙነት እንደ ገባ ያሳያል። በአውሮፓ የጨዋታው ሕግ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ተለወጠ፤ ፈርዝ ንግሥት ሆና በሁሉ አቅጣጫ ርቃ ትሄድ ጀመር፤ ፊልም ረዥሙን ሰያፍ የሚያቋርጥ ጳጳስ ሆነ። ኢትዮጵያ ግን የጥንቱን ሕግ ይዛ ቈየች። ዛሬ በዓለም ሁሉ ቼዝ የሚባለውን ጨዋታ በቅድመ አያቱ መልክ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ካቈዩት ጥቂት አገሮች አንዷ እርስዋ ናት።

ዐፄ ልብነ ድንግል በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋራ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ይነገራል፤ እቴጌ ጣይቱም በዚህ ጨዋታ ብልሃት ስማቸው ይነሣል። ከሁሉ ይልቅ ግን ጨዋታው በሰው መካከል እንዴት እንደ ነበረ የሚያሳየው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የጻፈው ነው። ሶልት ወደ ትግሬ ሁለት ጊዜ፥ በ1805 እና በ1809 መጥቶ፥ ራስ ወልደ ሥላሴን በሕንጣሎ ሲጫወቱ አይቷል። መጫወቻዎቹ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ፥ ትላልቅና ሸካራ ነበሩ። የባላጋራን ጭፍራ የማረከ ሰው ቀስ ብሎ አያነሣውም፤ በኀይል መትቶ ከቦታው ያስፈነጥረዋል እንጂ። በዙሪያው የተቀመጠው ሰው ሁሉ፥ ባሮች ሳይቀሩ፥ በጨዋታው ቃል አላቸው፤ መልካም የመሰላቸውንም አካሄድ ለማሳየት መጫወቻውን በእጃቸው ይዘው ያንቀሳቅሱ ነበር። ይሁን እንጂ፥ ይላል ሶልት፥ ራስ ዘወትር ድል እንዲያደርጉ በብልሃት ይጠነቀቁላቸው ነበር።

አውሮፓዊው እንግዳ ይህን ጫጫታ እንደ ሥርዐት ጕድለት ሳያየው አልቀረም። ለትምህርት ታሪክ ግን ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት አይገኝም። በአውሮፓ አዳራሽ ተመልካች ዝም ማለት አለበት፤ የሚማረው በዐይኑ ብቻ ነው። በሕንጣሎ ግን ተመልካቹ ሐሳቡን በእጁ ይዞ ያቀርባል፤ ሌላው ይቃወመዋል፤ መጫወቻው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ክርክሩም ይቀጥላል። አንድ ወጣት አሽከር በአንድ ማታ ስንት ጊዜ ፊሉን አንሥቶ እዚህ ይዘላል፥ እዚያ አይዘልም ሲባል እንደሚሰማ መገመት ነው። ይህ የቃል ክርክር ከጨዋታው ጋራ መታየት ያለበት ነገር ነው፤ ስለዚህም ወደ ኋላ እንደ ገና ይነሣል።

አሁን ወደ ጨርቁ። የዘመኑ ቼዝ ሰሌዳ ነጭና ጥቍር ቤቶች ሲፈራረቁ የሚታይበት ነው። የሰንጠረዥ ጨርቅ ግን አንድ ቀለም ብቻ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ ሆኖ፥ ጥቍር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ ወርድና ቁመቱን እየተሰፋበት ስምንት በስምንት፥ ማለት 64 ቤት ይሆናል። ይህም የጥንቱ ልማድ ነው፤ ቤቶችን በሁለት ቀለም መለየት በአውሮፓ በ1000 ዓመት አካባቢ ብቅ ያለ ነገር ነው። ሁለት ቀለም ላለው ሰሌዳ የለመደ ሰው አንድ ቀለም ያለውን ጨርቅ ሲያይ ድኻ ይመስለዋል። በአንድ በኩል እውነቱን ነው፤ ባለ ሁለት ቀለሙ ሰሌዳ ሰያፉን በቀለም ሥሎ ያሳያል፤ ተጫዋቹ ነጩን ተከትሎ ቢሄድ አይስትም። ቀዩ ጨርቅ ግን የሚያሳየው ቀጥታውንና አግድሙን ብቻ ነው። ሰያፍ በጨርቁ ላይ የለም። ሰያፉን የሚሠራው የተጫዋቹ ልቡና ነው፤ ለልጅ የሚጠቅመውም ይኸው ነው።

ጭፍሮቹ የሚሰለፉት እንዲህ ነው። ንጉሡ ከመካከለኛው መስመር በስተቀኝ፥ ፈርዝ በግራው ይቆማሉ፤ በሁለቱ ጐን አንዳንድ ፊል፥ ቀጥሎ አንዳንድ ፈረስ፥ በዳር በዳር ደር የተባለው ግንብ ይሆናል። በፊታቸው ስምንቱ መደቆች አሉ። ሁለቱም ተጫዋቾች ንጉሣቸውን በየቀኛቸው ስለሚያቆሙ፥ ፊት ለፊት ሲተያዩ ንጉሥ ከንጉሥ ጋራ አይገጥምም፤ ንጉሥ ከፈርዝ፥ ፈርዝም ከንጉሥ ፊት ለፊት ይውላሉ። በዛሬው ቼዝ አንዱ ሰልፍ የሌላው የመስታወት መልክ ነው፤ በሰንጠረዥ ግን አንዱ ሰልፍ ከሌላው የሚገኘው ጨርቁን በመካከሉ ላይ ግማሽ ዙር በማዞር ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጂኦሜትሪ መጻሕፍት ብዙ ገጽ የሚያጠፉበት ጉዳይ ነው። ቀኝ እጅ በመስታወት ግራ ይመስላል፤ በግማሽ ዙር ግን ቀኝ ቀኝ እንደ ሆነ ይቀራል።

ልዩነቱ ለዐይን ብቻ የሚሆን አይደለም፤ በጨዋታው ላይ ይፈርዳል። ፈርዝ የሚሄደው አንድ ቤት ብቻ፥ ያውም በሰያፍ ነው። እንዲህ የሚሄድ ሰው ከ64ቱ ቤቶች 32ቱን ብቻ ይረግጣል፤ በቀሩት 32 ቤቶች ዕድሜውን ሙሉ አይገባም። ሰልፉ እንደ መስታወት ቢሆን ኖሮ የሁለቱ ተጫዋቾች ፈርዞች አንዱ በአንደኛው 32፥ ሌላው በሁለተኛው 32 ላይ ሆነው ሳይገናኙ ይቀሩ ነበር። በግማሽ ዙር ስለ ተሰለፉ ግን ሁለቱም በአንዱ 32 ላይ ናቸው፤ ይጋጠማሉ፥ ይማረካሉም። ባለ ሁለት ቀለም ሰሌዳ ይህን በቀለም ይናገራል፤ በቀዩ ጨርቅ ላይ የተቀመጠ ልጅ ግን ፈርዙ በባላጋራው ፈርዝ ሲበላበት በራሱ ኪሳራ ይማረዋል።

ፊል ከዚህም ይልቅ ያስደንቃል። ፊል በሰያፍ ይዘላል፤ በመካከል ያለው ማንም ቢሆን አያግደውም፤ የሚያርፈውም ሁለተኛው ቤት ላይ ብቻ ነው። ሶልት ሦስት ቤት ይሄዳል ሲል ሌሎች ሁለት ይላሉ። ልዩነቱ የሕግ ሳይሆን የአቈጣጠር ይመስላል፤ መነሻውን ቤት ጨምሮ የሚቈጥር ሦስት ያገኛል፥ ርምጃውን ብቻ የሚቈጥር ሁለት። በአማርኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰባት ቀን ርቆ ያለውን ቀን ሳምንት ስንኳ የሚያሰኘው፥ ከስምንት የወጣ ቃል፥ መነሻውን ቀን ጨምሮ የመቍጠር ልማድ ነው። ልጆች በትምህርት ቤት ርዝመት ሲለኩ አንድ የሚያጐድሉት ወይም አንድ የሚጨምሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስምንት ቤት ያለው ረድፍ ከነዳሩ ዘጠኝ መስመር እንዳለው፥ በመካከሉ ግን ሰባት ጥብጣብ ብቻ እንደሚሰፋ ጨርቁን የሰፋ ሰው ያውቃል።

ፊሉ ከንጉሡ አጠገብ ከቆመበት ተነሥቶ የሚደርስባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ በባቄላ ፍሬ ቢያመለክቱ፥ በመጀመሪያው ረድፍ ሁለት፥ በሦስተኛው ሁለት፥ በአምስተኛው ሁለት፥ በሰባተኛው ሁለት ፍሬ ይሆናል። ስምንት ብቻ! ከ64 ቤት 56ቱ ለዚያ ፊል እንደ ሌሉ ይቈጠራሉ። የአራቱም ፊሎች መንገድ ቢታይ ደግሞ እያንዳንዱ የየራሱ ስምንት ቤት አለው፤ አንዱ በሌላው ስምንት አይገባም፤ አራቱ በድምሩ 32 ቤት ይይዛሉ፤ ስለዚህ ፊል ፊልን ሊማርክ ከቶ አይችልም። ዝሆኖቹ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ እየተላለፉ ይኖራሉ።

ስለ ምን ስምንት ሆነ? መልሱ ከጥንታዊት ግሪክ የጂኦሜትሪ ታሪክ ጋራ ያገናኛል። ፕላቶን ሜኖን በተባለው ድርሰቱ፥ ሶቅራጥስ አንድ ያልተማረ የቤት አገልጋይ ብላቴና ጠርቶ፥ ጐኑ ሁለት እግር የሆነ አራት ማዕዘን በመሬት ላይ ሥሎ፥ ስፋቱ እጥፍ የሆነ ሌላ አራት ማዕዘን እንዴት እንደሚገኝ እንደ ጠየቀው ይተርካል። ብላቴናው መጀመሪያ ጐኑን እጥፍ አድርጎ አራት ይላል፤ ስፋቱ ግን ስምንት መሆን ሲገባው 16 ይሆንበታል። ቀጥሎ ሦስት ይላል፤ 9 ይሆናል። በመጨረሻ በጥያቄ ተመርቶ፥ የሚፈለገው በመጀመሪያው አራት ማዕዘን ሰያፍ ላይ የሚቆመው እንደ ሆነ ያያል፤ ያም ስፋቱ ልክ ስምንት ነው።

የፊል ዝላይ ከቤቱ መካከል እስከሚያርፍበት ቤት መካከል ቢለካ፥ የዚያው ብላቴና ሰያፍ ነው፤ ጐኑ ሁለት ቤት የሆነ አራት ማዕዘን ሰያፍ። በዚህ ዝላይ ላይ የሚቆመው ያጋደለ አራት ማዕዘን ስፋቱ ስምንት ቤት ነው፤ 64 ለስምንት ሲካፈል ደግሞ ስምንት ይሆናል፤ ለፊሉ የተፈቀዱለት ቤቶችም ስምንት ናቸው። ፈርዝም በዚሁ ሕግ ይገዛል፤ ርምጃው ጐኑ አንድ የሆነ አራት ማዕዘን ሰያፍ ነው፥ በዚያ ላይ የሚቆመው ስፋቱ ሁለት፥ 64 ለሁለት ሲካፈል 32። ባቄላውን የደረደረ ልጅ ያጋደሉትን አራት ማዕዘኖች በዐይኑ ያያቸዋል፤ ፍሬውን ከፍሬ በክር ቢያያይዝ ጨርቁ ራሱ ይነግረዋል። ሶቅራጥስ የጠየቀው አንድ ብላቴና ነበር፤ በሕንጣሎ አዳራሽ መጫወቻውን አንሥተው አካሄድ ያሳዩ የነበሩ ባሮች ግን በዚሁ ሰያፍ ላይ ሲከራከሩ ያመሹ ነበር፥ ንግግራቸውን የጻፈላቸው ፕላቶን ባይኖርም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ፊልና ፈርዝ እንዲህ ደካሞች ከሆኑ፥ ተጫዋቹ ስለ ምን ይደክምባቸዋል? ግንቡና ፈረሱ ኀይለኞች ናቸው፤ በእነርሱ ብቻ ቢዋጋ ይቀለዋል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የጨዋታው የክብር ሕግ ነው። ከ1843 ጀምሮ እስከ ሞቱ እስከ 1860 ድረስ ዘመኑን አብዛኛውን በኢትዮጵያ ያሳለፈው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለ ጨዋታው ጽፏል፤ ጽሑፉም በ1868 ታትሟል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ሰብስቦ አሳትሟል። ከእነዚህ እንደሚታወቀው የባላጋራን ንጉሥ መውጫ ማሳጣት ሁሉ እኩል አይከበርም ነበር። በግንብ ወይም በፈረስ የተያዘ ንጉሥ ለያዡ ብዙ ምስጋና አያስገኝም፤ በፊልና በፈርዝ መያዙ ያስመሰግናል፤ በመደቅ ከሆነ እጅግ ያስከብራል። ከዚህም በቀር ባላጋራን ጭፍራውን ሁሉ ጨርሶ ራቁቱን ካስቀሩት በኋላ ንጉሡን መያዝ አይገባም።

ስለዚህ ክብር የሚፈልግ ተጫዋች ደካሞቹን ማወቅ ግዴታው ነበር። ፊሉ ከስምንቱ ቤቶች በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያላየ ሰው የባላጋራውን ንጉሥ ወደዚያ ሊነዳ አይችልም። ንጉሡን ወደ ፊሉ ቤት መንዳት፥ ፊሉን ወደ ንጉሡ ከማምጣት የተለየ ጥበብ ነው፤ የጨርቁን ካርታ በልብ መያዝን ይጠይቃል። በሌላ አገር ጂኦሜትሪን ወደ ጨዋታ ያስገቡት መምህራን ናቸው፤ እዚህ ግን ያስገባው የመኳንንት ኵራት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጨዋታው መክፈቻም እንዲሁ የቅርጽ ሥራ ነበር። ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ምርኮ እስኪሆን ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም በየፊናቸው እንደ ፈቀዱ፥ እንደ ፈጠኑም፥ ጭፍራቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ሰልፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። ተራ የለመደ አውሮፓዊ በዚህ እጅግ ተደንቋል። በእውነቱ ከጦርነት በፊት ሁለት ሰዎች በአንድ ጨርቅ ላይ ሥዕል የሚሥሉበት ሰዓት ነበር።

የገበጣ ነገር ሊዘነጋ አይገባም፤ በእረኛ ልጆች ዘንድ ከሰንጠረዥ ይልቅ የተስፋፋው እርሱ ነው፤ ጕድጓድ ቈፍሮ ጠጠር ለቅሞ ለመጫወት ዝሆን ጥርስም ጨርቅም አያስፈልግም። ነገር ግን ገበጣ የቍጥር መምህር ነው፤ ጠጠሩ የሚሄደው በአንድ መንገድ ዞሮ ነው፥ ሰያፍም የለውም። ለቅርጽ ትምህርት ሰንጠረዥ ይበልጣል።

ጨዋታን ሆን ብሎ ለትምህርት ማዋል በአውሮፓ ጥንታዊ ነው። በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር የካቴድራል ትምህርት ቤቶች ሪትሞማኪያ የተባለ ጨዋታ ተፈጠረ፤ ሰሌዳው ስምንት በ16፥ ማለት ሁለት የሰንጠረዥ ጨርቅ ተያይዞ እንደ ማለት ነበር፤ መጫወቻዎቹም ክብ፥ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን ሆነው ቍጥር ተጽፎባቸዋል። መነኮሳት ለደቀ መዛሙርቶቻቸው የቍጥሮችን ዝምድና አስተማሩበት፤ መቶ ዓመታት ኖሮ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ጠፋ። ጠፍቶ ቀረ እንጂ ማንም ናፈቀኝ ያለ የለም፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ትምህርት ነበር፥ ጨዋታ ለመሆን ግን ብዙ ይጐድለው ነበር። ፍሪድሪኽ ፍሬበል በ1837 በብላንከንቡርግ የሕፃናት መዋያውን ሲጀምር ከዚህ ይልቅ ጠቢብ ሆነ፤ ለሕፃን ስምንት ትናንሽ ኩብ የሆነ አንድ ትልቅ ኩብ ሰጥቶ፥ ሕጉን ሳይነግረው ፈትቶ እንዲገጥመው ተወው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ፥ እንኪያስ ልጆች ሰንጠረዥ ወይም ቼዝ ብቻ ይጫወቱ፥ ጂኦሜትሪ በራሱ ይመጣል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ ተስፋ በዛሬው ዘመን በብዙ አገር ተስፋፍቷል፤ ግን ተፈትኖ አልጸናም። በእንግሊዝ አገር በ100 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ4,000 በላይ ልጆች የገቡበት፥ በ2016 የታተመ ሰፊ ጥናት፥ 30 ሰዓት ቼዝ የተማሩት ልጆች ከአንድ ዓመት በኋላ በሒሳብ ፈተና ካልተማሩት ምንም እንዳልበለጡ አሳይቷል። ውጤቱ ሊያስደንቅ አይገባም። ልጅ በሰሌዳ ላይ አሸናፊ መሆንን ቢማር አሸናፊ መሆንን ተማረ፤ ስለ ሰሌዳው ካልተጠየቀ ስለ ሰሌዳው አያስብም። የሜኖን ብላቴናም በሰያፉ ላይ ቀኑን ሁሉ ቢቀመጥ ያለ ሶቅራጥስ ጥያቄ ምንም አያይም ነበር። የሕንጣሎው ጫጫታ ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ በዚያ አዳራሽ ጨዋታና ጥያቄ አልተለያዩም ነበር። ባለ ሁለት ቀለም ሰሌዳን ገዝቶ ለልጆች አስረክቦ የሚሄድ አባት ግማሹን ብቻ ሰጥቷል።

ስለዚህ በቤት ውስጥ ይህን ሊያደርግ የሚወድ ቤተ ሰብ ከጨርቁ ይጀምር። መስፊያ እንጂ መለኪያ አያስፈልገውም። አንዱን የጨርቅ ማዕዘን አንሥቶ ጫፉን ከጫፍ ጋራ በሰያፍ ቢያጥፉትና የተረፈውን ቢቈርጡ እኩል አራት ማዕዘን ይወጣል፤ ያንን በወርዱ ሦስት ጊዜ በየእኩሌታው ቢያጥፉ ስምንት፥ በቁመቱም ሦስት ጊዜ ቢያጥፉ 64 ቤት ይሆናል። ስድስት እጥፋት ብቻ ነው። ልጁ እያንዳንዱ እጥፋት ቤቶቹን ስንት እንደሚያደርጋቸው አስቀድሞ ይገምት፤ ብዙዎች ልጆች በሦስተኛው ላይ ስድስት ይላሉ። በዕጥፋቱ ምልክት ላይ ጥብጣቡ ይሰፋል።

ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ከሁሉ ያምራል። በ1946 ማክስ ብላክ የተባለ ፈላስፋ ያቀረበው እንቈቅልሽ ነው። ሁለት ጐረቤት ቤቶችን የሚሸፍን የወረቀት ቍራጭ ይዘጋጅ፤ 32 ቍራጭ ጨርቁን ሁሉ ይሸፍናል። አሁን ሁለቱ ተቃራኒ የማዕዘን ቤቶች፥ ከታች የግራው ከላይ የቀኙ፥ ይተዉ፤ 62 ቤት ቀርቷል፤ 31 ቍራጭ ሊሸፍነው ይችላልን? ልጆች ብዙ ሰዓት ይሞክራሉ፤ አንድ ቤት እዚህ አንድ ቤት እዚያ ይተርፋቸዋል። ባለ ሁለት ቀለም ሰሌዳ ያለው ሰው ሁለቱ ማዕዘኖች አንድ ቀለም እንደ ሆኑ በማየት ይመልሳል። ቀይ ጨርቅ ያለው ግን ፈርዙን ይጥራ። ፈርዝ ከአንዱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰባት ርምጃ ሌላው ማዕዘን ይደርሳል፤ እንግዲያስ ሁለቱም ማዕዘኖች ከፈርዙ 32 ቤቶች ናቸው፤ ሲወጡ 30 ይቀራሉ፤ ፈርዝ የማይረግጣቸው ግን 32 እንደ ሆኑ ናቸው። እያንዳንዱ ቍራጭ ደግሞ ሁልጊዜ የፈርዝ የሆነ አንድ ቤትና የፈርዝ ያልሆነ አንድ ቤት ይሸፍናል። ሠላሳ ከሠላሳ ሁለት ጋራ አይጣመርም፤ ስለዚህ አይቻልም። ይህ ማረጋገጫ ነው፤ ሺህ ጊዜ ሞክሮ አልሆነም ከማለት የተለየ ነገር መሆኑንም ልጁ ያን ጊዜ ይለየዋል።

ጨርቁ ተሰፍቶ መጫወቻው ከተዘጋጀ በኋላ፥ ወረራው ከመጀመሩ በፊት በአንድ ሕግ ላይ መስማማት ያስፈልጋል። መደቅ አንድ አንድ ቤት ወደ ፊት እየሄደ የባላጋራው ዳር ሲደርስ ሶልት በትግሬ ያየው ምንም ሹመት አያገኝም፤ ሌሎች የጻፉት ግን ፈርዝ ይሆናል። ሁለቱም የአገሩ ሕግ ናቸው። መደቁ ይሾም የተባለ እንደ ሆነ፥ በየትኛው ዓምድ ላይ የተሾመ ፈርዝ ከባላጋራው ፈርዝ ጋራ በአንዱ 32 ላይ እንደሚውል፥ በየትኛውስ እንደማይገናኝ፥ ከመሾሙ በፊት ልጁ ይንገር።